ቦሎቄ ዘርቼ ሲናሩ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ «ማሳዬ ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፣ ሁለት ሄክታር ይሆናል። አራት ዓመት ስንዴ በስንዴ ላይ ስዘራ ሲናር የሚባለው አረም እየባሰ መጣ። ቱፎርዲ የሚባለውን ፀረ አረም በየዓመቱ እረጫለሁ። አምና ‹ሰብል ቀይር፣ አረሙ ይጠፋል› ተብዬ ቦሎቄ ዘራሁ፤ ማሳው ንጹሕ ይመስል ነበር። ዘንድሮ ወደ ስንዴ ብመለስ ሲናሩ እንደ ድሮው ነው። አንዳንዱ ስንዴው ራሱ ወደ ሲናር እየተለወጠ ነው ይላል፤ ሌላው ገብስ ወይም ጤፍ ሞክር ይለኛል። ማፈራረቅ ለአረም አይሠራም ማለት ነው? በትራክተር ጠለቅ አድርጌ ባሳርሰውስ?»

ምላሽ፦ ማፈራረቅ ይሠራል። በእርስዎ ማሳ ያልሠራው ሰብሉ ተቀየረ እንጂ ሲናሩ ዘር ከመጣል ስላልታገደ ነው። ቦሎቄ ሲናርን አይገድልም፤ ጤፍም ሽምብራም አይገድሉትም። ሰብል መቀየር ጥቅሙ በስንዴ ውስጥ ሊነኩት በማይችሉበት ጊዜና መሣሪያ ሲናሩን እንዲያገኙት በር መክፈቱ ነው። በሩ ተከፍቶ ማንም ካልገባበት ቦሎቄው ለሲናሩ የአንድ ዓመት እረፍት ሆኖ ያልፋል።

በመጀመሪያ የመለወጡን ወሬ እንዝጋው። ስንዴ ወደ ሲናር አይለወጥም፤ ሲናር የአጃ ወገን የሆነ ሌላ ተክል ነው። ወሬውን ያመጣው ሁለቱ በለጋነታቸው መመሳሰላቸው ነው፤ አራሚው ስንዴ መስሎት ያልፈዋል። ሦስት አራት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ነቅለው፣ ቅጠሉ አገዳውን የሚይዝበትን አንጓ ገለጥ አድርገው ይዩት። ስንዴ እዚያ ላይ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት፣ ጠርዛቸውም ጠጉር አለው። የገብስ ጆሮ ረዘም ያለና ልሙጥ ነው። ሲናር ጆሮ የሚባል የለውም፤ በቦታው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ብቻ ቆሞ ይታያል። ቅጠሉንም ከላይ ሲመለከቱት የስንዴው ወደ ቀኝ፣ የሲናሩ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ለአረማ የሚቀጥሯቸውን የቀን ሠራተኞች ጠዋት አሥር ደቂቃ ይህን ቢያሳዩአቸው የቀኑ ድካም ፍሬ ይኖረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ አፈር ውስጥ ወደተከማቸው ዘር። ሲናር ከስንዴ ቀድሞ ይደርሳል። ስንዴው ገና ቢጫ ሲል የሲናሩ ዘለላ ከጫፉ ጀምሮ ፍሬውን ማራገፍ ይይዛል፤ ስለዚህ ማጭድም ሆነ ኮምባይነር ሲገባ ከዘሩ ብዙው መሬት ላይ ነው። በየፍሬው ላይ ያለው ጥቁር ጺም እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ በዚህ እንቅስቃሴ ፍሬው ራሱን እየገፋ የአፈሩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሰፊ ቦታ አግኝቶ ብዙ አገዳ ያወጣ አንድ ሲናር መቶ ፍሬና ከዚያም በላይ መስጠቱ ብርቅ አይደለም። የወደቀው ዘር ደግሞ ሁሉም በአንድ ዝናብ አይበቅልም። ከፊሉ ያንቀላፋል፤ ብዙው በሦስት አራት ዓመት ውስጥ ቢያልቅም ጥቂቱ ከዚያ በላይ ይቆያል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በማሳዎ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 100 ሕያው የሲናር ፍሬ አለ እንበል። አዲስ ካልወደቀበትና መሬቱ በየጊዜው ከታረሰ፣ የበቀለው እየታረሰ፣ ሌላው እየበሰበሰ፣ ወፍና ጉንዳንም እየለቀመው ብዙው ያልቃል። በዓመት ሩቡ ብቻ ተረፈ ብለን ብንይዝ፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 25፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው አንድ ወይም ሁለት ይቀራል። አሁን ደግሞ በቦሎቄው ዓመት በካሬ ሜትር አንድ ሲናር ብቻ ሳይነቀል ቀርቶ 100 ፍሬ ጣለ እንበል። 25 ሲደመር 100፣ 125። ከተነሱበት በላይ ሆነ ማለት ነው። በካሬ ሜትር አንድ ሲናር የቆመበትን ቦሎቄ ደግሞ ከመንገድ ላይ ያየ ሰው ሁሉ «ንጹሕ ነው» ይላል። የአምናው ማሳዎ ንጹሕ መምሰሉና የዘንድሮው ሲናር አይጣሉም።

አራቱ የስንዴ ዓመታት ሲናሩን ያከማቹት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንት ሲታረስ፣ ሲዘራና ሲታጨድ ከዚያ ጊዜ ጋር የሚገጥም አረም ብቻ ተመርጦ ይቀራል። ሁለተኛው ቱፎርዲ ነው። ቱፎርዲ አመድማዶን፣ መችን፣ አስተናግርንና ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይመታል፤ ሣር ዘመዶቹን ሲናርን፣ ሙጃን፣ አሰንዳቦን አይነካም። እነዚያ ሲጠፉ ቦታውን፣ ውኃውንና ዩሪያውን የሚወርሱት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ በገንዘብዎ ለሲናር ቦታ ሲያጸዱለት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። በአዋሽ ዳር ክረምት ስንዴ፣ በጋ ደግሞ በመስኖ ስንዴ የሚደግሙ አሉ፤ በዚያ ማሳ ሲናር በዓመት ሁለት ጊዜ ዘር የመጣል ዕድል ያገኛል።

ቦሎቄው ላይ የተሳሳተው ምን እንደሆነ ሳላየው በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ግን ብዙ ጊዜ ስህተቱ ያለው አንድ ቦታ ነው። ቦሎቄ በዚህ አካባቢ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይዘራል። ሰው የመጀመሪያውን ኩትኳቶ በበቀለ በሁለት ሦስት ሳምንት፣ ሁለተኛውን አበባ ከመጀመሩ በፊት ያደርግና ከማሳው ይወጣል። መውጣቱ ትክክል ነው፤ አበባ ላይ መኮትኮት አበባ ያራግፋል፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ መግባትም በሽታ ከተክል ተክል ያዛምታል። ችግሩ በነሐሴ የበቀለው ሲናር ነው። በመስከረም ከቦሎቄው በላይ አንገቱን አውጥቶ በሩቅ ይታያል። ያን ጊዜ መሬቱ ደረቅ በሆነ ረፋድ በመስመሮቹ መካከል ገብቶ በእጅ መንቀል ያስፈልጋል። ይህ ሦስተኛ ዙር ምርት አይጨምርም፤ ቦሎቄው ለራሱ አይፈልገውም፤ ለዚህም ነው የሚዘለለው። ለመጪው ስንዴ ግን ከሦስቱ ዙር ትልቁ እሱ ነው። ሲናርን «ትንሽ ይፋፋና ለከብት አጭደዋለሁ» ብሎ ማቆየትም ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። መኖነቱ ጥሩ ነው፤ ግን የሚታጨደው ዘለላ ሳያወጣ ነው። ከታጨደም ከሥሩ እንደገና ያወጣልና መንቀሉ ይበልጣል። ፍሬ መያዝ ከጀመረ በኋላ የተነቀለ ሲናር ማሳ ውስጥ ተጥሎ አይቀርም፤ ተነቅሎም ሊበስል ስለሚችል ታስሮ ይውጣ።

ገብስ ሞክር ያለዎትን አይስሙ። ገብስ ከስንዴ ጋር የሚዘራውም የሚታጨደውም በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ቶሎ ስለሚሸፍን ከስንዴ የተሻለ አረም ያፍናል፣ ይህ እውነት ነው። ለፀረ አረም ግን ከስንዴ የባሰ ጠባብ ነው፤ ለስንዴ የሚሸጡት ፓላስና ቶፒክ ገብስን ይጎዳሉ። ለሲናር ሲባል ከስንዴ ወደ ገብስ መሄድ ማፈራረቅ አይባልም።

ጤፍ ሌላ ነው። ጤፍም ሣር ቢሆንም በሲናር ላይ ያለው ኃይል የሚዘራበት ጊዜ ነው። ስንዴ በሰኔ መጨረሻ መሬቱን ሲይዝ፣ ጤፍ እስከ ሐምሌ አጋማሽና ከዚያም በኋላ ይጠብቃል። በበልግ ካፊያ የበቀለው ሲናር በመጀመሪያው እርሻ፣ በሰኔ የበቀለው በድግሙ፣ በሐምሌ መጀመሪያ የበቀለው በመጨረሻው እርሻ ይገለበጣል። ሦስት ትውልድ ሲናር ዘር ሳይሰጥ አለቀ ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታው በሁለት እርሻ መካከል ሲናሩ እስኪበቅል መጠበቅ ነው፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን። ሦስቱን እርሻ በአንድ ሳምንት ያጣደፈ ሰው መሬቱን አለሰለሰ እንጂ ሲናር አልቀነሰም። የጤፍ ድክመቱ ከበቀለ በኋላ ነው፤ ቡቃያው ደካማ ስለሆነ ያመለጠውን አረም ራሱ አያፍንም፣ በመስመር ካልተዘራም መኮትኮት አይቻልም። ስለዚህ ጤፍን በሲናር በተወረረ ማሳ ላይ በመጀመሪያው ዓመት አልመክርም፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ቦታው የእሱ ነው።

ሽምብራ ጥቁር አፈር ላላቸው፣ በሎሜና በሞጆ በኩል ላሉት፣ ከሁሉም ይሻላል። የሚዘራው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀረው እርጥበት ስለሆነ ክረምቱ ሙሉ ለእርሻ ክፍት ነው። የእርስዎ መሬት ቀላልና ውኃ የማይዝ ከሆነ ግን ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ሽምብራው ሳያፈራ ይደርቃል፤ ለአረም ብለው ምርት እንዳያጡ። በቆሎ በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር ተዘርቶ ሁለት ጊዜ ከተኮተኮተና ጉልበት ላይ ሲደርስ ሽልሻሎ ከተደረገለት፣ ማለትም በመስመሮቹ መካከል በበሬ ከታረሰለት፣ ሲናርን በደንብ ይቀንሳል። ሽልሻሎው ግን በመስመሮቹ መካከል ያለውን እንጂ ከበቆሎው ሥር የተጠጋውን አያወጣም፤ እሱ በእጅ ነው።

በትራክተር ጠለቅ አድርጎ መገልበጥን በተመለከተ፣ ዘሩ ከታች ሲቀበር ለዚያ ዓመት ሲናሩ ያነሰ ይመስላል። የሚያታልለው ይህ ነው። ጥልቅ የተቀበረ ፍሬ ከላይ ካለው ይልቅ ረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው ሲገለብጡት የተቀበረውን ያወጡታል። ሲናር ደግሞ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይም ገፍቶ ይወጣል። ሙጃን የመሰለ ደቃቅ ዘር ቢሆን በመቀበሩ ይቸገር ነበር፤ ለሲናር ግን በቅርቡ የወደቀውን ዘር ከአጨዳ በኋላ ላዩ ላይ መተው ነው የሚሻለው። በጋውን ለወፍ፣ ለጉንዳንና ለፀሐይ ይጋለጥ፤ ማረሱ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይድረስ።

ፀረ አረምን በሚመለከት ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቶፒክና አክሲያል ስማቸው ይለያይ እንጂ ሲናርን የሚገድሉበት መንገድ አንድ ነው። በቦሎቄ ውስጥ ሣር ለመግደል የሚሸጡት መድኃኒቶችም አብዛኞቹ የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ በስንዴው ዓመት ቶፒክ፣ በቦሎቄው ዓመት የሣር መድኃኒት የረጨ ሰው ሰብል ቀየረ እንጂ መድኃኒት አልቀየረም፤ የለመደ ሲናር ሁለቱንም ያልፋቸዋል። ፓላስ በሌላ መንገድ የሚሠራ ስለሆነ ለስንዴው ዓመት እሱን ቢያስቀምጡት ይሻላል። በአንድ ማሳ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አይረጭ፤ ከእሱ በኋላ ጥራጥሬ ለመዝራት ስንት ወር መጠበቅ እንዳለብዎም ከመለያው ላይ ያንብቡ። መጠኑ ለሄክታር ግማሽ ሊትር በ200 ሊትር ውኃ ነው። በ20 ሊትር ፓምፕ 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህ ልክ የሚሆነው ግን አንዱ ፓምፕ 1,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 20 በ50 ሜትር፣ ሲሸፍን ነው። በባዶ ውኃ ሞክረው እርምጃዎን ያስተካክሉ። በአንድ ፓምፕ ግማሽ ጥማድ (ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው) የሚሮጥ ረጪ ሲናሩን አያቃጥለውም፣ ያለማምደዋል። ጊዜው ሲናሩ ከሦስት እስከ አምስት ቅጠል ሲኖረው ነው፤ ስንዴው አገዳ መሥራት ከጀመረ በኋላ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከተረጨ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሳውን ይዙሩት። ሲናሩ በረዥም ሰልፍ ወይም በጥግ በኩል ብቻ ከተረፈ ረጪው ዘሎታል። የሞተና ያልሞተ ሲናር ጎን ለጎን በአንድ ቦታ ከታየ ግን መድኃኒቱን የለመደ ሊሆን ይችላል፤ የተረፈውን ያኔውኑ ይንቀሉት፣ ያን ቤተሰብም አይመለሱበት። የተረጨ ሲናር በመለያው ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ለከብት አይሰጥ። ቱፎርዲም ቢሆን ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ የጎረቤትን ቦሎቄና ቲማቲም ያጠወልጋል፤ በዚህ አካባቢ ማሳ ለማሳ የተጠጋጋ ነውና ጠዋት በማለዳ ካልሆነ አይርጩ።

ዘር ሌላው በር ነው። ሁሉም ሲናር ከአጨዳ በፊት አይራገፍም፤ ፍሬውን ይዞ የሚቆይ፣ ከስንዴው ጋር ተወቅቶ ጎተራ የሚገባ ዓይነትም አለ። ለዘር ካስቀመጡት ስንዴ አንድ ኪሎ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ይልቀሙት። አምስት የሲናር ፍሬ ብቻ ቢያገኙ በሄክታር 150 ኪሎ ሲዘሩ 750 ሲናር በእጅዎ ተከሉ ማለት ነው፤ እነሱ በመቶ ሲባዙ 75 ሺህ ፍሬ። ኮምባይነርም እንዲሁ። ከአርሲ በኩል እየሠራ የመጣ ማሽን ሆዱ ውስጥ የሌላ ሰው ሲናር ይዞ ይመጣል። ማሳዎ ከመግባቱ በፊት ዳር ላይ ቆሞ ነፋሱ ተከፍቶ ባዶውን ይሥራ፣ የሥር መክፈቻዎቹ ተከፍተው ይጠረጉ። ኦፕሬተሩ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ፍግ ደግሞ ሙቀት ፈጥሮ በደንብ ካልበሰለ ሲናር ይዞ ይመለሳል፣ ከከብት ሆድ የሚተርፍ ፍሬ አለና።

ማፈራረቅ የማይፈታውንም ላንሳ። ሰርዶና እንግጫ ከሥራቸው ስለሚራቡ ሰብል ቢቀያየር ግድ የላቸውም፤ በበጋ አርሶ ሥሩን አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት ነው። ቅንጬ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበቅላል፣ ከመንገድ ዳርም ይመጣል፤ አበባ ሳይዝ ይነቀል፣ ቆዳ ስለሚያሳክክም ያለ ጓንት አይነካ። እንክርዳድ በአፈር ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፣ መንገዱ የዘር ከረጢት ነው፤ ንጹሕ ዘር ብቻውን ይገላግላል። በበቆሎና በማሽላ ያለ አቀንጭራ ዘሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል በሲናር ሒሳብ አይሰላም።

ለእርስዎ ማሳ ምክሬ ይህ ነው፤ ሁለት ዓመት ያለ ስንዴና ገብስ። ዘንድሮ በስንዴው ውስጥ ያለውን ሲናር ቢያንስ ከማሳው ወሰንና በጣም ከበዛበት ቦታ ሳያፈራ ይንቀሉ። እጅ የማይበግረው ጥግ ካለ ስንዴውን ከነሲናሩ በለጋው አጭደው ለመኖ ያድርጉት፤ የዚያን ጥግ ምርት ማጣት ይሻላል። በመጀመሪያው ዓመት ቦሎቄ በ40 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፤ መልካሳ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው እንደ አዋሽ መልካ ያለ ለአካባቢው የሚሆን ዝርያ ይምረጡ። ሦስተኛውን የመስከረም ነቀላ አሁኑኑ በወጪዎ ውስጥ ያስገቡት። በሁለተኛው ዓመት ጤፍ፣ ከሦስት ያላነሰ እርሻ፣ በየመካከሉ ሲናሩ እስኪበቅል እየጠበቁ። በሦስተኛው ዓመት በተፈተሸ ዘር ወደ ስንዴ ይመለሱ፤ ዩሪያውን ከአረማ በኋላ እንጂ በፊት አይበትኑት፣ ሲናርም ይበላዋልና። ማሳዎ በኩታ ገጠም ስንዴ ውስጥ ከሆነ ብቻዎን መውጣት ያስቸግራል፤ ከጎረቤቶችዎ ጋር ክላስተሩ በሙሉ ወደ ቦሎቄ እንዲዞር ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ከመጋቢት በፊት ይነጋገሩ፣ ዘር ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል።

ሁለቱን ሄክታር በአንዴ ከስንዴ ማውጣት የቤት ፍጆታዎን የሚነካ ከሆነ ማሳውን ለሁለት ይክፈሉትና ሲናር ከበዛበት ግማሽ ይጀምሩ። በሦስተኛው ዓመት ስንዴው ዘለላ ሲያወጣ በአንድ ጥማድ ውስጥ ይዙሩ። ያለውን ሲናር አንድ ሰው በግማሽ ቀን ነቅሎ የሚጨርሰው ከሆነ ስንዴውን ይቀጥሉ፤ ካልጨረሰ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ቦሎቄ ይዝሩ።